25 ፈረስ ስንት ያስከፍላል? የአንድ ካምሻፍት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ውስጥ ኮርቬት ለመግዛት ወደ ሼቭሮሌት ሻጭ የሄደ ሰው ከሚቀርቡለት ሞተሮች መካከል ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም ባለ 8 ሲሊንደር፣ ሁለቱም 283 ኪዩቢክ ኢንች (4.6 ሊትር ገደማ) ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ሁለት ሁለት ካርቡሬተር ተቀምጧል። አንዱ 245 የፈረስ ጉልበት ይላል፣ ሌላው 270። የልዩነቱ ዋና ምንጭ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚሽከረከር አንድ የብረት ዘንግ ነው፤ ካምሻፍት።

25 ፈረስ በነጻ? እስቲ ረጋ ብለን እንየው። የፋብሪካው ሠንጠረዥ ሌላም ቁጥር አለው። ባለ 245ቱ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ ነው፤ ባለ 270ው ግን 6,000 ይፈልጋል። መኪናን ከቆመበት የሚያስነሳውና ዳገት የሚያስወጣው የማዞር ኃይል፣ ቶርክ የሚባለው፣ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ባለ 245ቱ በ3,800 ዙር 300 ፓውንድ-ፉት ሲሰጥ፣ ባለ 270ው በ4,200 ዙር 285 ብቻ ይሰጣል። ከላይ የተጨመረው ከታች ተከፍሎበታል ማለት ነው።

«ሌላውን ሳልነካ ካሙን ብቻ ብቀይርስ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየጋራዡ ይነሳል። መልሱ ያኔውኑ በእነዚህ አራት ቁጥሮች ታትሞ ወጥቷል። ግን እንዲገባን ካም የሚሠራውን ማወቅ አለብን።

ካምሻፍት ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ይዞራል። በላዩ ያሉት እብጠቶች ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚሉና እስከ መቼ ክፍት እንደሚቆዩ ይወስናሉ። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ሲራመድና ሲሮጥ እኩል አይተነፍስም። በ6,000 ዙር አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያጥረዋል። የማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ቢዘጋ፣ ተንደርድሮ የመጣው አየር ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረም በኋላ መግባቱን ይቀጥላል። በ1,500 ዙር ግን አየሩ ያ ግፊት የለውም፤ ፒስተኑ ሲወጣ የገባውን አየርና ቤንዚን ከፊሉን መልሶ ይተፋዋል። ሁለቱ ቫልቮች አንድ ላይ ክፍት የሚሆኑበት ጊዜም ስለሚረዝም የተቃጠለው ጭስ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ የሚሰማው ያ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ጎረምሳን ደስ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ሞተሩ በዚያች ሰዓት በደንብ እየተነፈሰ አይደለም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባል የለ? ካምም እንደዚያው ነው።

ይህን በእጃቸው ዳስሰው ካወቁት መካከል የካሊፎርኒያ ወጣቶች ይገኙበታል። ፎርድ በ1932 ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩን በርካሽ መኪና ላይ ሲያወጣ ጉልበቱ 65 ፈረስ ነበር። ወጣቶቹ አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ መከላከያውን እያወለቁ፣ ሙሮክ በሚባለው የደረቀ ሐይቅ ላይ ፍጥነት ይፈትሹ ነበር። ኤድ ዊንፊልድን የመሰሉ ባለሙያዎች ካም ይሞርዱላቸው ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የአርመን ዘር ያለው ኤድ ኢስከንደሪያን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ካሞቹ በደረጃ ይሸጡ ነበር። «ሙሉ የውድድር» ነበረ፣ «ሦስት ሩብ የውድድር» ነበረ። የደረጃው ትርጉም ግልጽ ነው፤ በየቀኑ የምትነዳው መኪና ከሆነ ሙሉውን አትግዛ።

ነገሩን ወደ ትልቁ ፋብሪካ ያስገባው ዞራ አርከስ-ዱንቶቭ ነው። ብራስልስ የተወለደው ይህ መሐንዲስ ከጦርነቱ በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ከወንድሙ ጋር ለፎርድ ሞተር «አርደን» የተባለ የሲሊንደር ክዳን ሠርቷል። በ1953 ጄኔራል ሞተርስ ገባ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ለአለቆቹ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ወጣቱ ፎርድን የሚወደው ለፎርድ የሚሆን የፍጥነት ዕቃ በየቦታው ስላለ ነው፤ ስለዚህ ሼቭሮሌት ራሱ ካም፣ ቫልቭ፣ ስፕሪንግና ፒስተን አዘጋጅቶ ይሽጥ።

ሰሚ አገኘ። ለ1955 ሞዴል በኤድ ኮል መሪነት የተሠራው አዲሱ የሼቭሮሌት ሞተር 265 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን ከመነሻው በደንብ የሚተነፍስ ነበር። በዚያ ዓመት የተሠሩት ኮርቬቶች ግን 700 ብቻ ናቸው፤ መኪናዋ ልትቀር ጫፍ ላይ ደርሳለች። ዱንቶቭ ቫልቮቹን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት የሚያቆይ ካም ነደፈ፤ በ1956 መባቻም ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሰዓት ከ150 ማይል (241 ኪሎ ሜትር) በላይ ነዳ። ካሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ታዲያ ዴይቶና የማይነግረን ነገር አለ። እዚያ አሸዋ ላይ መብራት የለ፣ ዳገት የለ፣ ፊት ለፊት የቆመ አውቶቡስ የለ። ሞተሩ ሥራውን የሚጨርሰው ከፍተኛ ዙር ላይ ነው። ፋብሪካው ይህን ያውቅ ነበር። በ1957 ባለ 245ቱን ሞተር በአውቶማቲክ ካምቢዮ ማዘዝ ሲቻል ባለ 270ውን ግን በማኑዋል እንጂ አይሸጡትም ነበር። የኋላ አክሰሉንም እስከ 4.56 ለ 1 ድረስ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ሞተሩ ቶሎ ወደ ላይኛው ዙር እንዲወጣ። ማለትም ዱንቶቭ ካም ብቻ አልሸጠም፤ ካሙ ደስ የሚሰኝበትን መኪና ጭምር እንጂ።

እንግዲህ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ይጨምራል?» ሳይሆን «ሞተሬ ቀኑን የሚውለው ስንት ዙር ላይ ነው?» ብሎ ነው። ከ2,000 እስከ 3,500 ከሆነ ትልቅ ካም ይቀንስበታል እንጂ አይጨምርለትም፤ ለዘብ ያለ ካም ግን ሊስማማው ይችላል። ቀጥሎ የቀረው ዕቃ ይከተል እንደሆነ ያያል። የቫልቩ ስፕሪንግ 6,000 ዙር ካልቻለ፣ ጭስ ማውጫው ጠባብ ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ ወይም ኮምፒውተሩ እንደገና ካልተስተካከለ ካሙ ብቻውን ምን ያደርጋል? በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ካሙን የሚነኩት ታፔቶች አብረው መቀየር አለባቸው፤ ከአሮጌው ካም ጋር ተላምደው አልቀዋልና አዲሱን ይበሉታል። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ወጪው ትንሹ የካሙ ዋጋ ነው።

ሁለቱን ዛፍ የመውጣት ነገር በኋላ መላ ተገኝቶለታል። ሆንዳ በ1989 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ቪቴክ አንድ ዘንግ ላይ ሁለት ዓይነት እብጠት አስቀምጦ በዝቅተኛ ዙር አንዱን፣ በከፍተኛ ዙር ሌላውን ይጠቀማል። የዛሬዎቹ ሞተሮች አብዛኞቹ የቫልቭ ጊዜያቸውን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ስለዚህ ካም በመቀየር የሚገኘው ትርፍ ከፊሉ ገና ከፋብሪካ ተወስዷል ማለት ነው። ያ የሌለው አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ግን ዛሬም የ1957ቱ ገዢ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ውድድር ለሚሄድ ባለ 270ው ይሻለዋል፤ ጠዋት ሥራ፣ ማታ ቤት ለሚል ሰው ባለ 245ቱ።