የሃይማኖቶች ንጽጽር ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ወንበር ያገኘበት ታሪክ

የሃይማኖቶች ንጽጽር የሚባለው ትምህርት ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዶክትሬት ድረስ ይሰጣል። ተማሪው የሚያጠናውን ሃይማኖት የቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠየቃል፤ የራሱ ሃይማኖት ምን እንደ ሆነ ግን በእነዚህ ዘንድ የመግቢያ ፈተና አይደለም። ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ እንዳልነበረ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከኦክስፎርድ እንጀምር። በቦምቤይ ጦር ሌተና ኮሎኔል የነበረው ጆሴፍ ቦደን፥ ሀብቱ ለሳንስክሪት ወንበር ማቆሚያ እንዲሆን ለዩኒቨርሲቲው ተናዘዘ። ምክንያቱንም አልሰወረም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ሳንስክሪት ተተርጕሞ ሕንዶች ወደ ክርስትና እንዲገቡ ነበር። በ1860 ወንበሩ ባዶ በሆነ ጊዜ ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛው ሪግ ቬዳን ከነሐተታው በማሳተም ላይ የነበረው ጀርመናዊው ማክስ ሙለር ሲሆን፥ ሁለተኛው ቦምቤይ የተወለደው እንግሊዛዊው ሞኒየር ዊልያምስ ነው። መራጮቹ የዩኒቨርሲቲው የኤም ኤ ባለ ዲግሪዎች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በየገጠሩ የሚያገለግሉ ቄሶች ስለ ነበሩ፥ ከሙለር ሊቅነት ይልቅ የሃይማኖቱ ነገር መነጋገሪያ ሆነ። ሞኒየር ዊልያምስ በ833 ድምፅ አሸነፈ፤ ሙለር ያገኘው 610 ነበር።

ሙለር ግን ሐሳቡን አልተወም። በ1870 በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን አራት ትምህርቶች ሰጥቶ፥ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው የቋንቋን ጠባይ መመርመር እንደማይችል ሁሉ፥ አንድ ሃይማኖት ብቻ የሚያውቅም እንዲሁ ነው ሲል ተከራከረ። ከ1879 ጀምሮ በእርሱ አዘጋጅነት መታተም የጀመሩት የምሥራቅ ቅዱሳት መጻሕፍት፥ እርሱ በ1900 ከሞተ በኋላ በ1910 ከወጣው ማውጫ ጋር 50 ቅጽ ሆኑ። በውስጣቸውም የሂንዱ፥ የቡድሃ፥ የጃይና፥ የዞሮአስተር፥ የቻይናና የእስልምና መጻሕፍት ይገኛሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የለም። ይህን ጕድለት እኛ እንደ ቀላል ነገር አናየውም። የሌላው ሁሉ በሚዛን ተቀምጦ የራስ ብቻ ከወረደ ንጽጽሩ በምን ይቆማል? ሙለርም ሕንድን በዐይኑ ሳያይ ነው የሞተው።

ወንበሩን አስቀድመው ካቆሙት መካከል ሆላንድ ትገኛለች። በ1876 በወጣው ሕግ የቤተ ክርስቲያንን ዶግማ ማስተማር ለአብያተ ክርስቲያናቱ ተተወ፤ የሃይማኖት ታሪክም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ገባ። ቲለ የተባለው ሊቅ በ1877 በላይደን ወንበሩን ያዘ። ፈረንሳይም የካቶሊክ የነገረ መለኮት ፋኩልቲዎችን በ1885 ካስቀረች በኋላ፥ በ1886 በፓሪስ በኤኮል ፕራቲክ የሃይማኖት ጥናት ክፍል ከፈተች። በዚያ ጥቂት ተማሪዎች በመምህሩ ዙሪያ ሆነው ጽሑፉን ቃል በቃል ይመረምሩ ስለ ነበር፥ ከእኛ የመጻሕፍት ጉባኤ ብዙ የራቀ አይመስለንም።

በጀርመን ግን የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበረው ሐርናክ በ1901 ተቃወመ። ክርስትናን ከነታሪኩ ጠንቅቆ ያወቀ ሌሎቹንም ያውቃልና፥ ለነገረ መለኮት ፋኩልቲ እንዲህ ያለ ወንበር አያሻውም አለ። ብዙውን ከላይ ከላይ ከመቅመስ አንዱን በጥልቀት መመርመር እንደሚሻል እናምናለን፤ ነገር ግን እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሌላ ሃይማኖት ስም ይነሣ የነበረው መልስ ለመስጠት ያህል ብቻ ስለ ነበር፥ አንዱን ማወቅ ሁሉን ማወቅ ነው የሚለውን ለመቀበል እንቸገራለን።

ክርክሩን በሌላ መንገድ የመራው ካናዳዊው ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝ ነው። እርሱ ራሱ ቄስ ሲሆን በላሆር ከሙስሊሞች ጋር ኖሮ አስተምሯል፤ ከ1964 እስከ 1973 ደግሞ በሃርቫርድ የዓለም ሃይማኖቶች ጥናት ማእከል ኀላፊ ነበር። በ1959 በታተመ ጽሑፉ፥ ስለ አንድ ሃይማኖት የተነገረ ቃል የሃይማኖቱ አማኞች እውነት ነው ብለው ካልተቀበሉት ዋጋ የለውም የሚል መመዘኛ አቀረበ። አንዳንዶች ይህ ምርምርን ለምእመናን ፈቃድ ማስገዛት ነው ብለው ነቅፈውታል።

መመዘኛውን በአገራችን መጽሐፍ ብንፈትነው ነገሩ ይገለጣል። ጄምስ ብሩስ በ1773 መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ የኦክስፎርዱ የዕብራይስጥ ፕሮፌሰር ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ዲልማንም በ1851 ግዕዙን አሳተመ። በኩምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቍርጥራጮች በ1976 ቢታተሙም፥ መጽሐፉ በሙሉ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሄኖክን የሚያጠና የዶክትሬት ተማሪ ግዕዝ ይማራል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመን መጽሐፉን እንዴት እንደሚረዳው ለማወቅ ግን አማርኛውን አንድምታ ማንበብና መምህሩን መጠየቅ ያስፈልገዋል። በስሚዝ መመዘኛ ከሄድን፥ ድርሰቱ በሚፈተንበት ቀን «ይህስ የእኛ ነው፤ ይህስ አይደለም» የሚል አንድ የመጻሕፍት መምህር ከፈታኞቹ ጋር መቀመጥ ነበረበት።