የእማዬ ጤና አዳም እና የቂሮስ አትክልት ቦታ

ዛሬ ስለ ግቢ ላውራችሁ።

አምና ክረምት ላይ የእማዬን ግቢ "ላሳምር" ብዬ ተነሳሁ። ስልኬ ላይ ካየሁት ሁሉ ለቃቀምኩ፤ ከአንዱ ፎቶ ሳሩን፣ ከአንዱ ዘንባባውን፣ ከሌላው ነጭ ጠጠሩን። ቦታ ሲጠበኝ ጌሾውን ቆረጥኩ፣ ጤና አዳሙን ነቀልኩ። እማዬ ምንም አላለችኝም። እሁድ ቡና ሲፈላ ግን ጤና አዳም ልትለምን ጎረቤት ስትሄድ አየኋት። ለሰፈሩ ሁሉ ስትቆርጥ የኖረች ሴትዮ! አፈርኩ።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና ጥፋቴን ታሪክ ውስጥ ፈለግኩት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ በፓሳርጋዴ ቤተ መንግሥቱን ሲሠራ አትክልት ቦታው ውስጥ ከድንጋይ የተጠረበ የውኃ ቦይ አዘረጋ። አገሩ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከውኃው ነው። ቦዩ ቦታውን ይከፍላል፣ መንገዱና ዛፉ ቦዩን ይከተላሉ፣ አጥሩ አቧራውን ይመልሳል። በመስቀለኛ መንገድ ለአራት የተከፈለው ዓይነት በኋላ "ቻሃር ባግ" ተባለ፤ አራት አትክልት ቦታ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1526 ባቡር ሰሜን ሕንድን ሲይዝ፣ አግራ ላይ የሚፈስ ውኃ የለም ብሎ አማረረ። ከዚያ ምን አደረገ? ጉድጓድ አስቆፍሮ ያንኑ ዓይነት አትክልት ቦታ ሠራ። የታጅ ማሃል ግቢም፣ በዘር ሐረጉ በሻህ ጃሃን ዘመን የተሠራው፣ ለአራት የተከፈለ ነው። አገሩ ተቀየረ፣ ተክሉ ተቀየረ፣ ሕጉ ግን አንድ ነው።

ይሄን ሳነብ ነው የገባኝ። የእማዬም ግቢ ሕግ ነበረው፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ጤና አዳሙ ቡና ከሚፈላበት በረንዳ ሥር፣ በሶብላው የኩሽናው እጣቢ በሚደርስበት፣ ጌሾው አጥሩን ይዞ። ሁሉም ለማጀትና ለእንግዳ ነው የቆመው። የኔ ግን ፎቶ ከመነሳት ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ዘንድሮ መለስኩት። ጌሾው ደግነቱ ከጉቶው አቆጥቁጧል። የጤና አዳም ቅርንጫፍ ከጎረቤት አመጣሁ፤ ለካ የእነሱም ድሮ ከእማዬ ተቆርጦ የሄደ ነው! ዘንባባዋን ልነቅል ስል ግን እማዬ "ተዋት፣ እሷ ምን አጠፋች?" አለችኝ። በሩ አጠገብ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች።

ግቢ ልታሳምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ተክሉ ለምን እዚያ እንደቆመ የተከለውን ሰው ጠይቁ።

በእናንተ ግቢ የማይነቀለው ምንድነው? እስቲ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።