የሚፈላ ሞተር መንገድ፦ ከአሰብ እስከ ፔካ 12

ፔካ 12 ከጅቡቲ ከተማ መሃል ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በ12ኛው ኪሎ ሜትር የሚገኝ፣ ስሙንም ከዚሁ የርቀት ምልክት ያገኘ የዳር ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ወደብ ገብተው እስኪጭኑ ድረስ ተራቸውን የሚጠብቁት፣ ሾፌሮችና ረዳቶችም እንጀራ በልተው በተሳቢያቸው ጥላ ሥር የሚያርፉት እዚህ ሲሆን፣ በሌላ አገር ምድር ላይ ሆኖ አማርኛ የሥራ ቋንቋ የሆነበት ማረፊያ ነው። የወደብና የመንገድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በውል፣ በቀረጥና በጭነት መጠን ነው፤ ይሁን እንጂ ጭነቱ ከደጋ ወደ ባሕር፣ ከባሕርም ወደ ደጋ እንዲደርስ ያስቻለ፣ ነገር ግን ጸሐፊ ያላገኘ አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም የሞተርን ሙቀት አስወጥቶ፣ ራሱ በጋለ አየር ላይ የመጣል ሙያ ነው።

ጅቡቲ የኢትዮጵያ በር የሆነችው በመጀመሪያ በባቡር ነበር። በ1897 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የከባድ መኪና መንገድ ገና አልታሰበም ነበር። የጭነት መኪና ዋና በር ሆና የቆየችው አሰብ ናት፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የደሴ–አሰብን መንገድ ከዘረጉ በኋላ፣ በተለይም በ1967 የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ቦቴውና ተሳቢው በአፋር በረሃ መመላለሱን የዘወትር ሥራ አደረጉት። በዚያ ዘመን መንገዱን የያዘው በተለምዶ ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ሲሆን፣ በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ አምቼ ደግሞ የጣሊያን ሞተር በኢትዮጵያ ጋራዦች ሥር እንዲሰድ አድርጓል፤ መካኒኩ እስከ ዛሬ የሞተሩን ክዳን ቴስታ፣ በሞተሩና በክዳኑ መካከል ገብቶ የሚያሽገውን ስስ ንጣፍ ጋርኒሲዮን፣ ለብየዳ የሚያቀልጠውንም ስታኞ እያለ የሚጠራው ሙያውን ከዚህ ወገን ስለተማረ ነው።

በግንቦት 1998 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲቀሰቀስ የአሰብ በር ተዘጋ፤ አገሪቱም ከውጭ ንግዷ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ጅቡቲ አዞረች። በሚሌ፣ በሰመራና በጋላፊ አድርጎ በዲኪል የሚወርደው ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጎዳና በአንድ ጊዜ የአገር ጉሮሮ ሆነ፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ጅቡቲ ከተማን ከብቧት ከነበረው የሽቦ አጥር ውጭ በድሆች የተቆረቆረችው ባልባላም ከነጎረቤቷ ፔካ 12 የዚህ ጉሮሮ ጫፍ ሆነች።

ይህ መንገድ ለሞተር ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎችን ያቀርባል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ሙቀት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ አየሩም ከጅቡቲው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቬንትሌተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊትን አምቆ የመፍያ ነጥቡን ወደ 120 ዲግሪ እንዲጠጋ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ የክዳኑ ጎማ ካረጀ ደግሞ ደጋው ላይ ምንም ሌላ እንከን የሌለበት ሞተር ይፈላል። ጅቡቲ ላይ በአንጻሩ ውሃው እስከ 100 ዲግሪ ቢታገሥም፣ በሐምሌ የቀኑ አየር ራሱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሙቀት የሚፈሰው በልዩነት ነውና በራዲያተሩና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። ለአንዱ ዳርቻ የተስተካከለ መኪና ለሌላው ያልተስተካከለ የሚሆንበት እንዲህ ያለ መንገድ ብዙ አይገኝም።

ረዳቱ በጀሪካን ይዞት የሚጓዘው ውሃም የራሱ መዘዝ ነበረው። የቆላውና የጅቡቲ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማና ማዕድን የበዛበት በመሆኑ፣ ሲሞቅ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ይህ ቅርፊት ሙቀትን የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። የራዲያተር ሠራተኞች ሙያ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነበር፤ የመዳቡንና የነሐሱን ራዲያተር ይፈቱታል፣ ቱቦውን በቀጭን ዘንግ ይጠርጉታል፣ ያፈሰሰውን በስታኞ ይደፍኑታል፣ መልሰውም ይገጥሙታል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሙያውን ጥልቀት የሚያሳየው አዲስ ራዲያተር ተገጥሞ ሞተሩ መፍላቱን ያላቆመ እንደሆነ ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው አዲሱን ዕቃ ይጠራጠራል፤ የሠለጠነው ግን ሙቀቱ የት ላይ ተገታ ብሎ ይጠይቃል። የራዲያተሩ የላይኛው የውሃ ጎማ ግሎ የታችኛው ከቀዘቀዘ፣ ውሃው አልዞረም ማለት ነው፤ ምክንያቱም ወይ ተርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ብቻ የሚከፈተው በር፣ ተጣብቋል፣ ወይ ውሃ ሲሞላ አየር ከቴስታው አናት ላይ ታፍኖ ቀርቷል። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ገና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ውሃ ሲጨመርበት የታፈነው አየር በአረፋ መልክ ይወጣል። አረፋው ካቆመ ችግሩ ተፈታ፤ ካላቆመ ደግሞ የሚወጣው አየር ሳይሆን በተቃጠለ ጋርኒሲዮን በኩል ከሲሊንደር የሾለከ ጭስ ነው፤ ያን ጊዜ ቴስታው መውረዱ አይቀርም። ከዕቃው ይልቅ መገጣጠሚያውን የመመርመር ይህ ልማድ፣ መካኒኮቹ ካፈሩት ዕውቀት ሁሉ የላቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው ምርመራ ዛሬ በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ውስጥ፣ ከናፍጣ ሽታ ርቆ፣ ቃል በቃል ይደገማል። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚያከናውነው ቺፕ፣ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ በአብዛኛው ያለ ቬንትሌተር ይሠራ ነበር፤ በ1993 ፔንቲየም ሲመጣ ቬንትሌተር የግድ ሆነ፣ በ2004 አካባቢ ደግሞ የአንድ ቺፕ ሙቀት ከ100 ዋት አልፎ የፍጥነት ሩጫውን ራሱን ገታው። አዲስ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ፕሮሰሰር ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባሰበትም ጊዜ ማሽኑን ያጠፋዋል። እዚህም የሚመረመረው መገጣጠሚያው ነው። መዳብ ሙቀትን ከአየር ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ያሳልፋልና፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የቀረች ስስ የአየር ክፍተት የመዳቡን ጥቅም ሁሉ ታጠፋዋለች፤ ክፍተቱን የሚሞላው ቴርማል ፔስት የሚባለው ቅባት የሚቀባው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ማሽኑ በተነሣ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ላይ ከተወረወረ፣ ቅባቱ ደርቋል ወይም ተረስቷል፣ ብሎኖቹ እኩል አልጠበቁም፣ አልያም ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ አልተላጠም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ከወጣ ደግሞ የሚጠረጠረው የቬንትሌተሩ ወይም የአየር መተላለፊያው ጉዳይ ነው። በውሃ በሚቀዘቅዙት ዘንድ ቺፑ ግሎ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ፓምፑ ቆሟል ወይም በቺፑ ላይ ጥሩ አልተቀመጠም፤ ፓምፑ ከራዲያተሩ በላይ ከተሰቀለም አየሩ እርሱ ውስጥ ይታፈናል፤ የኤንትሬ ሾፌር ከቴስታው አናት ላይ ያስወጣው የነበረውም ይህንኑ አየር ነበር። የቦታውም ነገር እንዲሁ ነው፤ 22 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ በ75 ዲግሪ የሚሠራ ቺፕ፣ 42 ዲግሪ በሆነ የጅቡቲ ክፍል ውስጥ እዚያው ጣሪያው ላይ ይደርሳል።

ይህ ንጽጽር በባዶ የመጣ አይደለም፤ በ1999 ወደ ጅቡቲ የደረሰው የባሕር ውስጥ ኬብልና ከእርሱ በኋላ የተከተሉት፣ ጅቡቲን የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሚያልፍባቸው በሮች አንዷ አድርገዋታልና፣ ነዳጁ የሚገባበት መተላለፊያ መረጃውም የሚያልፍበት ሆኗል። በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የጭነቱን ከፊል ወስዷል፤ ይሁንና ከባድ መኪናው አሁንም ፔካ 12 ላይ ተራ ይጠብቃል። የመዳቡን ራዲያተር ግን ከፕላስቲክ ጋር የተያያዘ አልሙኒየም ተክቶታል፤ ስታኞ አይዘውም፣ ሲያረጅም ይጣላል እንጂ አይፈታም፤ ስለዚህ ከብየዳው ሙያ ለመካኒኩ የቀረው የላይኛውንና የታችኛውን ጎማ በእጁ ዳስሶ ሙቀቱ የተገታበትን ቦታ ማወቅ ነው።