የአያት ጠመንጃና ዝገቱ



በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ከካላክላ ተበትነን ብዙዎቻችን አገር ቤት ገባን። ከአያት ቤት የዛገ ጠመንጃ ያገኙ ወዳጆች ምን እናድርገው ብለው ጠይቀውኛል። ታሪኩ ከካርቱም አይርቅም።

ከካላክላ በስተምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ሶባ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም ከገቡ በኋላ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጦር ትምህርት የተማሩት እዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ሲሻገሩ፣ አገር ውስጥ ሲዋጋ የቆየው አርበኛ የያዘው መሣሪያ ልዩ ልዩ ነበር፤ ከአድዋ ዘመን የቀረ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ከወረራው በፊት ከቤልጂግ የተገዛ ሞዘርም ነበረበት።

አንዱ ሞዘር በቤተሰባችን እጅ ነበር። አጎቴ ለአርበኞች ቀን ሊያሳምረው ብሎ በሎሚና በአሸዋ ፈትጎ እንደ ሳንቲም አነጣው። ዝገቱ ለቀቀ። ጥቁር ሰማያዊ መልኩም አብሮ ሄደ፤ የመጣበትን ዘመን የሚናገረው የአንበሳ ምልክትም ደበዘዘ።

አጎቴ ጥቁረቱ የተቀባ ቀለም መስሎት ነበር። ጥቁረቱ ግን ፋብሪካው ሆን ብሎ ከብረቱ ከራሱ ያወጣው ስስ ሽፋን፣ የዝገት ወንድም ነው ቢባል ይቀላል። ቀዩ ዝገት ብረቱን እየበላ ይገባል፤ ጥቁሩ ላዩ ላይ ተጣብቆ ዘይት ይይዛል። ሁለቱም የብረትና የኦክስጅን ውሕድ ስለ ሆኑ ሎሚና ኮምጣጤ አይለያቸውም፤ ሁለቱንም ያነሣል።

ስለዚህ አስቀድሞ ጥይት አለመጉረሱን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥ። ከዚያ ዝገቱን በጠመንጃ ወይም በስፌት መኪና ዘይት አርሶ ማሳደር ነው። በማግስቱ አራት ዜሮ የሚባለውን እጅግ የላመ የብረት ሱፍ ዘይት አስነክቶ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሮ፣ ሳይጫኑ ማሸት። የወጥ ቤት ሽቦ አይሆንም፤ ይቧጭራል። የቀላውን ዘይት በጨርቅ እየጠረጉ ደጋግሞ መሥራት ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጽሕፈትና ምልክት ያለበት ቦታ በጨርቅ ብቻ ይታሽ። ዝገት የቆፈረው ጉድጓድ አይሞላም፤ ይተው።

ሲያበቃ ስስ ዘይት ይቀባል። የሰሊጥ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ቅቤም ይኮመጥጣል። የእጅ ላብ ጨው ስላለው የነኩትን መጥረግ፣ እርጥበት በሚይዝ የቆዳ አፎት ውስጥም አለማቆየት ነው።

የአጎቴን ጠመንጃ ወደ መስኮት ዘንበል ሲያደርጉት የአንበሳው ጅራት አሁንም በመጠኑ ይታያል።