ስንቅና ትጥቅ፤ የሩቅ መንገድ ዝግጅት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

«ስንቅና ትጥቅ» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ነገር ግን ሁለቱ ቃላት የያዙትን ምሥጢር ቆም ብለን የመረመርን ጥቂቶች ነን። ስንቅ መንገደኛ ለጉዞው የሚይዘው ምግብና መጠጥ ነው። ትጥቅም የጦር መሣሪያ ስም ሆኖ ቢለመድ፣ ከሥሩ ሲታይ ወገብን ጠበቅ አድርጎ ማሠር ማለት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሩቅ መንገድ ዋና ጥያቄ እነዚሁ ሁለቱ ናቸውና። ምን ልያዝ? የያዝሁትንስ በገላዬ ላይ እንዴት አድርጌ ልሸከመው?

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ዛሬ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ነጋዴ ወይም መልእክተኛ ብቻ አይደለም። ቀኑን በወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጽፍና ሲፈርም የሚውለው የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ በማለዳ እየተነሣ ሩጫ መለማመድ ጀምሯል። ወደ ሱቅም በገባ ጊዜ በጀርባ የሚታዘል የውሃ ከረጢትና ጠርሙስ የሚሰካበት የወገብ ቀበቶ በልዩ ልዩ ቀለም ተደርድሮ ያያል፤ የትኛው እንደሚሻለውም ግራ ይገባዋል። ይህን ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም የምርጫው ጥበብ በአገራችን እጅግ የቈየ መሆኑን ለማሳየት፣ በደቡብ ጎንደር ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ለምሳሌ ልንወስድ ወደድን።

የእነዚህ አገሮች አቀማመጥ ራሱ መምህር ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ እስቴን፣ ጋይንትንና ፋርጣን ያዋስናል፤ ከእርሱም ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደጋው ላይ ብርድና ነፋስ ይበረታል፤ «ነፋስ መውጫ» የሚለው የከተማ ስም ብቻውን ይህን ይመሰክራል። ነገር ግን ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ቍልቍል የሚወርድ መንገደኛ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካቦርቱን ጥሎ ላብ የሚያስጠርግ ሙቀት ውስጥ ይገባል፤ ስማዳ በበሽሎና በዓባይ ገደል፣ እስቴም ወደ ጎጃም በሚያሻግረው የዓባይ ገደል የሚያበቁ ናቸውና። እንግዲህ ባንድ ቀን መንገድ ውስጥ ውርጭም ሐሩርም ያገኘዋል። በደጋው ምንጭ በየጥጉ ይገኛል፤ በገደሉ አፋፍና በቍልቍለቱ መካከል ግን ውሃው ከታች እየታየ የማይደረስበት ብዙ ሰዓት አለ። የዚህ አገር ሰው ውሃ የሚይዘው ለመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከምንጭ እስከ ምንጭ ላለው ርቀት ነበር። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መኪና መንገድ ጋይንትን ከማቋረጡ በፊት፣ በዚህ አገር የሚጓዝ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ይሄድ ነበር። የሚይዘውንም ዕቃ በሥራው ይለይ ነበር። ለውሃ የሚመረጠው ቅል ነው። ቅል በጓሮ ይበቅላል፤ ፍሬው ወጥቶ፣ ውስጡ ታጥቦና ደርቆ፣ አፉ በውታፍ ሲደፈን ከመያዣዎች ሁሉ የቀለለ ይሆናል። ጉድለቱ ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚባለው ተረት ጕልበቱ እንደዚያ ስላልሆነ አይደለምን? ስለዚህ ገደል የሚወርድ ሰው ቅሉን በጠፍር አሥሮ ወደ ገላው ያስጠጋዋል እንጂ እንዲወዛወዝ አይተወውም። ስልቻ ደግሞ አይሰበርም፤ እህሉ ባለቀ መጠንም እየተጠቀለለ ያንሳል። ገንቦና እንስራ ግን የቤት ዕቃ ናቸው፤ ከምንጭ እስከ ጓዳ ያገለግላሉ እንጂ የሩቅ መንገድ ባልንጀራ ሊሆኑ አይችሉም።

ለምግብም ቢሆን ምርጫው እንዲሁ በክብደት ነው። ደጋው የገብስ አገር ስለ ሆነ በሶ ከሁሉ ይቀድማል። ገብሱ ተቈልቶና ተፈጭቶ ስላለቀ እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ቢበጠበጥ መጠጥ፣ ቢታሽ ምግብ ይሆናል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽም ውሃቸው አስቀድሞ የወጣላቸው ስለ ሆኑ መንገደኛው የማይጠቅመውን ክብደት አይሸከምም። ይህን ሁሉ ከያዘ በኋላ ድጉን በወገቡ ላይ ደጋግሞ ይጠመጥማል፤ ሆድን ደግፎ ለጀርባ ኀይል ይሰጣልና። ሴቲቱም በመቀነቷ ጫፍ ገንዘቧንና የሚጠፋ ነገሯን ትቋጥራለች። ዛሬ ቍልፍና ገንዘብ የሚያዝበት የሩጫ ቀበቶ ሥራው ከዚህ ምን ይለያል?

የእነዚህን አገሮች መንገድ በብዛት በእግራቸው ከለኩት ሰዎች መካከል የቤተ ክህነት ተማሪዎችን ማንሣት ግድ ነው። የታች ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር የሚገኝባት፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርት ቤት የሆነች ስለ ሆነች፣ ከየአውራጃው የተነሡ ተማሪዎች ሳምንታት እየተጓዙ ወደ ጋይንት ሲጐርፉ ኖረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከየደጁ ቍራሽ ይለምናሉ። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስማቸውም ከስንቃቸው የወጣ ነው። ትምህርቱን የፈጸመው ደግሞ የብራና መጽሐፉን በማኅደር ከትቶ በትከሻው አንግቶ ይመለሳል። ማኅደሩ በመጽሐፉ ልክ ስለሚሰፋ መጽሐፉ ውስጡ አይንገላታም፤ ማንገቻውም ሸክሙን ከጐን ያጣብቀዋል። እነዚህ ልጆች ብዙ ውሃ ተሸክመው አልሄዱም፤ ምንጩና መንደሩ የት እንዳለ እየጠየቁ ሄዱ እንጂ። የመንገድ እውቀት ራሱ ስንቅ ነበረ።

የዚህን ተቃራኒ ማየት የሚፈልግ ደግሞ በዚሁ አገር ላይ ያለፈውን ታላቅ ጉዞ ያስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ በጋፋት የተሠሩትን መድፎችና 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባልለትን ሴባስቶፖልን አስጐትተው ነበር። ሰውና ከብት ገመድ እየሳበ፣ ሠራዊቱ ዐለት እየፈለጠ መንገድ እየሠራ፣ የጨጨሆን ዳገት ወጥተው፣ ዘቢጥን አልፈው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ጥቂት ስንቅ ይዞ የሚሄድ እግረኛ በቀናት የሚጨርሰው መንገድ 6 ወር ያህል ወሰደ። የንጉሠ ነገሥቱ ቈራጥነትና የመንገድ ሥራቸው የሚደነቅ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ሸክም ከመንገዱ ጋር ሳይመዛዘን ሲቀር ጊዜን እንዴት እንደሚበላ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። በዚያው ጊዜ በጄኔራል ናፒየር ይመራ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዙላ ባሕር ዳር ሲሰፍር የሚጠጣ ውሃ ስላጣ፣ በመርከቦች ላይ በተተከለ መሣሪያ የባሕሩን ውሃ እያተነነና እያቀዘቀዘ ይጠጣ ነበር፤ ወደ ደጋው ሲወጣም ውሃውን በቆዳ ስልቻ በከብት አስጫነ። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ጦር እንኳ በመጨረሻው የተማመነው እኛ በምናውቀው ስልቻ ነው።

ውሃ ጦርን እንደሚፈታም ከዚያ በኋላ ታየ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረው የኢጣልያ ጦር ጥይት ሳያልቅበት ምሽጉን ለቅቆ የወጣው፣ የሚቀዳበት ምንጭ በኢትዮጵያ ሠራዊት ስለ ተያዘበት ነበር።

አሁን ወደ ስፖርቱ እንመለስ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ባሸነፈ ጊዜ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶክዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድሉን በደገመ ጊዜ፣ በገላው ላይ ስንቅ አልያዘም። በዚያ ዘመን የውድድሩ ደንብ ራሱ በመጀመሪያው የሩጫ ክፍል መጠጥ እንዲሰጥ አይፈቅድም ነበር፤ ብዙ መጠጣት የድካም ምልክት ተደርጎም ይቈጠር ነበር። በኋላ ሐሳቡ ተገለበጠና ሯጭ ሁሉ ሳይጠማው አስቀድሞ እንዲጠጣ ይመከር ጀመር። ይህም ከልክ ሲያልፍ ሌላ ጉዳት አመጣ። በ1994 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል ከመቶ 13ቱ ከመጠን በላይ በመጠጣት የደማቸው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ይህ ሕመም ሲጠና ሰውን ይገድላል። በሌላ ወገን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2001 ዓ.ም. የዱባይን ማራቶን ሲያሸንፍ ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 10 እጅ የሚጠጋውን በላብ እንዳጣ ተጠንቷል። ይህ የታላቅ ሯጭ ነገር ስለ ሆነ ማንም አይከተለው፤ ነገር ግን ውሃ በመብዛቱ ብቻ ድል እንደማይገኝ ያስረዳል።

ዛሬ በጀርባ የሚታዘለው የውሃ ከረጢት ታሪክም አጭርና ግልጽ ነው። በ1981 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በሚደረግ የ100 ማይል የብስክሌት ጉዞ ላይ፣ የድንገተኛ ሕክምና ረዳት የነበረው ማይክል አይድሰን ለሕመምተኛ መድኃኒት የሚንጠለጠልበትን ከረጢት በውሃ ሞልቶ፣ በካልሲ ከትቶ፣ በልብሱ ጀርባ ሰፍቶ በቀጭን ቱቦ እየጠጣ ሄደ። ስልቻ በሌላ አገር እንደ ገና ተወለደ ማለት ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ ምርጫችሁ በዚህ ታሪክ ይመራ። መጀመሪያ ከምንጭ እስከ ምንጭ ያለውን ርቀት ቍጠሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሯጭም እንደ ሙቀቱና እንደ ሰውነቱ በአንድ ሰዓት ከግማሽ እስከ 2 ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. እንደ ተጀመረው እንደ ታላቁ ሩጫ ባለ የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ውሃ በየመንገዱ ስለሚታደል፣ ከረጢት አዝሎ መሮጥ ሴባስቶፖልን እንደ መጐተት ነው። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ቢያልፍና ሱቅ ወይም ቧንቧ በመካከሉ ቢገኝ፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የወገብ ቀበቶ ይበቃል። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ፣ ምንጭና መንደር የሌለበት የገደል መንገድ ከሆነ ግን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር የሚይዘው የጀርባ ከረጢት ይሻላል፤ በሶ ወይም ቆሎ ማስቀመጫም ያገኛልና። የጠማው ይጠጣ፤ ያልጠማው ራሱን አያስገድድ።

ሁለተኛው ነገር ትጥቁ ነው። ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ አይታሠር፤ ሆድ ላይ ከዋለ ትንፋሽ ያጥራል። ከመግዛታችሁ በፊት ውሃ ሞልታችሁ ጥቂት ሩጡበት፤ ባዶውን ዕቃ በሱቅ መለካት ያልተጫነችን በቅሎ እንደ መግዛት ነው። ከረጢቱን ስትሞሉ ውስጡ የቀረውን አየር ምጠጡና አውጡ፤ አየር ሲኖር ውሃው እየተንቦጫቦጨ ጀርባን ይደበድባልና። ከተመለሳችሁም በኋላ ቱቦውን ሳይቀር አጥባችሁ አድርቁ። እናቶቻችን የወተቱንና የጠላውን ዕቃ በወይራ ጢስ የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አልነበረም፤ ያልጸዳ መያዣ ጥሩውን መጠጥ ያበላሻልና።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስብ። ከሱቅ የምንገዛው ዕቃ ሲያረጅ በሌላ ይተካል፤ ከምንጭ እስከ ምንጭ መቍጠርን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን አይተኩም። የዚህ ጽሑፍ አንባብያን አብዛኞቻችን አባቶቻችን ወይም አያቶቻችን በእንዲህ ያለ መንገድ የተጓዙ ነን። ነገር ግን በየትኛው ምንጭ ዐርፈው፣ በምን ቅል ጠጥተው፣ የትኛውን ዳገት በጧት፣ የትኛውን ቍልቍለት በማታ እንዳለፉ ጠይቀን የጻፍን ስንቶች ነን? በመሥሪያ ቤት የሰውን ሁሉ ጉዳይ በመዝገብ የምናሰፍር ሰዎች የገዛ ቤታችንን መዝገብ ባዶ መተው አይገባንም። በሚመጣው በዓል ወደ አገራችሁ ስትሄዱ፣ ከቤተ ሰባችሁ በዕድሜ የገፉትን ይህንኑ ጠይቁና በወረቀት አስፍሩ። የሩቅ መንገደኛ ትልቁ ስንቅ ከእርሱ በፊት በዚያው መንገድ የሄደ ሰው ቃል ነውና።