ያቺ ዜሮ የኔ ነበረች

ዛሬ አይከል ላስተማርኩት አንድ ልጅ ያለብኝን ዕዳ ልናገር ነው፤ ግን ከታሪክ እንነሳ።

የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ፩ ብሎ ይጀምርና ፲፣ ፻ እያለ ይቀጥላል። ያገራችን ሰውም የልደት ቀኑን ካላወቀ ቁጥር አይፈጥርም፤ «በጣልያን ጊዜ ነው»፣ «በ77 ድርቅ ጡት አልጣልኩም ነበር» ይላል። ቅጽ ግን ቁጥር ይፈልጋል። በሕዝብ ቆጠራዎቻችን ላይ ዕድሜ 30፣ 35፣ 40 እያለ በ0 እና በ5 የሚከማቸው ለዚህ ነው። ውጭ አገር ያሉ ስንቶቹ ወገኖቻችን ናቸው ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱት! ግምት እውነት መስሎ ገባ ማለት ነው።

ኤድጋር ኮድ የአይቢኤም ተመራማሪ ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. ዛሬ የምንጠቀምበትን የሰንጠረዥ ዳታቤዝ ሐሳብ አሳተመ። ኋላ ላይ ስለጎደለ መረጃ ብዙ ተጨነቀ፤ በ1990 መጽሐፉ ባዶውን ለሁለት ከፈለው፦ «አለ፣ ግን አናውቀውም» እና «ጭራሽ አይመለከተውም»። የልደት ቀን የሌለው ሰው የለም፤ ያላገባ ሰው ግን የባለቤት ስም የለውም። ኤስኪውኤል ሁለቱንም «ነል» ብሎ አንድ ላይ ጠቀለላቸው። በዚያ ላይ ሲስተሞቹም አይስማሙም። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን ነል ያደርገዋል፣ ፖስትግሬስ ግን ይለያቸዋል። «ስልክ የለውም» እና «ስልኩን አልጠየቅነውም» ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

አሁን ወደ ዕዳዬ። አንድ ተማሪዬ 80፣ 70 እና 90 አመጣ፤ አራተኛውን ፈተና ታሞ ቀረ። እኔ ባዶዋን ሳጥን ማየት አልወድም ነበርና 0 ሞላሁባት። 80 የነበረው አማካይ 60 ሆነ፣ ደረጃውም ወረደ። ካርዱን ተቀብሎ ዝም ብሎ ወጣ። ነል ብዬ ብተወው ኮምፒውተሩ ዘሎት 80 ይለኝ ነበር። ግን እሱም ብቻውን አይበቃም'ኮ፤ «በሕመም ያልተፈተነ» የሚል ዓምድ ቢኖር ኖሮ ልጁ ፈተናውን ድጋሚ ይቀመጥ ነበር።

ዛሬ ቅጽና ሲስተም የምትሠሩ ልጆቼ፣ አደራ፦ ለ«አይታወቅም» ቦታ ተዉለት፤ ለምን እንደማይታወቅም ጻፉ። ሰው እንዲዋሽ አታስገድዱት።

አንተም ልጄ፣ ይህን ካነበብክ፣ ያቺ ዜሮ ያንተ አልነበረችም። ይቅርታህን እጠብቃለሁ።