ለልጇ ያልደረሰው ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1836 እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኬሮላይን ኖርተን ሦስት ወንዶች ልጆቿን ተነጠቀች። ነጣቂው ባዕድ አልነበረም፤ የልጆቹ አባት ጆርጅ ኖርተን ነው። ሕግም ከጎኑ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ልጅ የአባቱ ነው፤ ያገባች ሴት በብዕሯ የምታገኘው ገንዘብ እንኳ የባሏ ነው።

ሚስቱን መደብደብ ልማዱ የነበረው ይህ የሕግ ሰው በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሎርድ ሜልበርንን ከሚስቴ ጋር አመንዝሯል ብሎ ከሰሰ። ስሟ በአደባባይ ሲጎድፍ ኬሮላይን በችሎቱ ቃሏን የመስጠት መብት አልነበራትም። ጆርጅ ተረታ፤ ልጆቹ ግን አልተመለሱም።

ያን ጊዜ ነው ብዕሯን ለሙግት ያነሳችው። ስለ እናቶች በደል እየጻፈች አሳተመች፤ ለምክር ቤት አባላትም አዳረሰች። በ1839 አዲስ ሕግ ወጣ። እናት ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿን ለማሳደግ፣ ከፍ ያሉትንም ለማየት ዳኛ ፊት ቀርባ መጠየቅ ቻለች።

ይሁንና ጆርጅ ልጆቹን ወደ ስኮትላንድ ልኳቸው ነበር፤ ሕጉ ደግሞ እዚያ አይሠራም። በ1842 የመጨረሻው ልጅ ዊልያም ከፈረስ ወድቆ በደረሰበት ቁስል ታመመ። እናቱ ተጠርታ ስትደርስ አርፎ አገኘችው።

ኬሮላይን ሴት ከወንድ እኩል ናት አላለችም፤ እንዲያውም ይህን ሐሳብ እንደማትቀበል ጽፋለች። የጠየቀችው ለተበደለች ሴት የሕግ ከለላ ነበር። በ1857 የወጣው የፍቺ ሕግ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት የላቧን ዋጋ ለራሷ እንድታስቀር ሲፈቅድ የእሷም ሙግት አለበት። በ1877 አረፈች። ለልጇ ያልደረሰው ሕግ ለስንት እናት ደረሰ!